ሦስት ፖስታ

ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰንጋ ተራ መሃል፣
ሊፍቱ ከቆመ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው መሰል፤
ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ፖስታ ተኝቷል፣ በላኩ ታሽጎ፣
አንዱ ከሌላው ይልቅ ወረቀቱን አሳምሮ፣ አድምቆ፣ አድርጎ።
«የአመራር ብቃት ማጎልበቻ» ይላል የሁሉም ርእስ፤
ልዩነታቸው ዋጋ ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ ምሳና ቁርስ።
ሰሙን በምላጭ አንስቼ፣ ወርቁን ፈለግሁ ከውስጡ።

አንደኛው ቢሾፍቱ፣ ሐይቁ ዳር፣ አምስት ቀን ሙሉ፤
ዶክተር ናኦድ ናቸው አሠልጣኙ፣ «ገመድ ጎትቱ» የሚሉ፤
ማታ እሳት ይነዳል፤ ቲሸርት አለ፣ ኮፍያም፤
የምስክር ወረቀቱ ላይ የወርቅ ቀለም አለ፣ አርማም።

ሁለተኛው በኢንተርኔት ነው፤ አርባ ስምንት ክፍል አለው፤
ከፍተውት ቢተኙ እንኳ «አልፈዋል» ብሎ የሚሸልም ነው፤
ኔትወርክ ቢኖር መብራት የለም፤ ሁለቱ ቢኖሩ ጊዜ የለም።

ሦስተኛው ሁለት ገጽ ነው፤ ማህተሙ በግማሽ ጠፍቶ፤
ስድስት ወር ይላል፤ ምሳ የለው፣ ቦርሳ የለው፣ ቲሸርት የለው፣ ፎቶ።
ሠልጣኙ ከሥራው አይነሣም፤ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ብቻ
አንድ ሰው መጥቶ ይጠይቀዋል፤ ጥያቄው የለው መምለጫ፦
«በሳምንቱ ውስጥ ማንን ሰማህ? ማንንስ አቋረጥህ?
ከተናገርከው ይልቅ፣ ዝም ያልከው የቱ ነው ያስከፈለህ?»

አቶ ይትባረክ ደወሉ፤ «እኔ ቢሾፍቱን ነው የማየው» አሉኝ፤
«ኮሚቴው ይወስን እንጂ» — ኮሚቴው ማን እንደሆነ እያወቅኩኝ።
አምና የላክናቸው አሥራ ሁለት፣ ሲመለሱ «ራዕይ» አመጡ፤
በሰርተፍኬቱ ዘጠኙ፣ ማዶ ካለው ባንክ ተቀጥረው ወጡ።
የቀሩት ሦስቱ ራዕዩን በፍሬም አድርገው ኮሪደር ሰቀሉት፤
ከሥሩ ያለው ወንበር ላይ ደንበኛ ይጠብቃል፣ ካሳ ያልከፈሉት።

ቅጹ ላይ ጠባብ ሣጥን አለ፦ «የሚጠበቀው ለውጥ»፤
ሳልሞላው ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሳፈጥ።
ባቡሩ በድልድዩ ላይ ሰው ጢም ብሎበት ያልፋል፤
ታች ተራ አስከባሪው በፉጨት ሚኒባስ ያሰልፋል።
እኔ ግን ሌላ ሰው መጣብኝ።

ሸዋረገድ ነው ስማቸው፤ የፒያሳ ቅርንጫፍ ኃላፊ ነበሩ፤
ሲናደዱ መነጽራቸውን ያወልቃሉ እንጂ፣ አይናገሩ።
ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ወር፣ አንድ ዜሮ ዘለልኩኝ፤
የአንድ ባለ ሲኖትራክ ውል ላይ። መኪናው ገደል ገባብኝ።
ሰውየው ጠረጴዛ መታ፤ «የማን ነው ይህ ፊርማ?» ሲል፣
የእኔው ነበር፤ እታች ጥግ ላይ፣ ኩርምት ብሎ፣ ሌባ ሲመስል።
መነጽራቸውን አወለቁ። «ያጸደቅኩት እኔ ነኝ፤
ስህተቱ የእኔ ነው፣ ጌታዬ፤ ይቀመጡ። እኔን ይጠይቁኝ።»
በኋላ፣ ሰው ሲወጣ፣ ጠሩኝ። ተንቀጠቀጥኩ። አልጮኹም።
«ነገ ከእሱ ጋር የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። እኔ አልገባም።»

ዛሬ ማህደራቸውን አስወጣሁ፣ ከምድር ቤቱ መዝገብ ክፍል፤
ሰባት ፎቅ በእግሬ ወርጄ፣ ገጹን ከገጽ ስከፋፍል፣
«የወሰዱት ሥልጠና» በሚለው ሥር፣ አንድ ብቻ ተጽፏል፦
የጽሕፈት መኪና፣ ሦስት ወር። ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው፤ ቀለሙም ገርጥቷል።

ለሦስተኛው ሰማንያ አንድ ሰጠሁ። ይሠራል ብዬ አልምልም፤
የሐሙስ ማታ ጥያቄ ሸዋረገድን አይወልድም።
ኮሚቴው ነገ ይሰበሰባል፤ ቢሾፍቱ ነው መጨረሻው ነገሩ፤
ሣጥኑን ግን ሞላሁት፦ «እኔ ነኝ የሚል አንድ ሰው፣ በደንበኛ ፊት፣ በሥራ ቦታ፣ በወንበሩ።»

ስወጣ ያ ደንበኛ አሁንም ከራዕዩ ሥር ተቀምጧል፤
መብራቱ ግማሹ ጠፍቷል፤ አሥራ አንድ ተኩል አልፏል።
«ፋይልዎን የያዘው ማን ነው?» አልኳቸው። ስሙን አያውቁም።
ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ
ወንበር ሳብኩ።